ቤቷ ባሕር ስትሻገር

አያቴን ቀበርናት፤ ማክሰኞ ነበረ፣
ዝናቡ እንደ ልማዱ ሲወርድ አደረ።
ዘጠና አራት ዓመት ቺሎዌ ላይ ኖራ
"ዣንጥላ ለከተሜ!" ብላ የምትኮራ
ኦቲሊያ ናዌልኪን፣ የኖልፋ እናት፣ የእኔም፣
ተገንዛ እንኳ ስትወጣ ካፊያ አልቀረባትም።

ዕድሜዋን ለጠየቀ ጓዳዋን ከፍታ
ድንች ታሳያለች ከቅርጫት አውጥታ፦
"ጥቁሩ የአማቴ ነው፣ ሞታም ያልተወችኝ፤
ቀዩን ጎረቤቴ ለሰርግ የሰጠችኝ፤
ይህ ጣት የመሰለው…" (ዝቅ አድርጋ ድምጿን)
"ከቄሱ ጓሮ ነው፤ እግዜር ያውቃል ጣጣውን።"

ያን የግንቦት እሑድ፣ ምድር ስትናወጥ፣
አስቀድሞ ባሕሩ ሸሸ። ታቹ ተራቆተ።
ጀልባዎች ጭቃው ላይ በጎናቸው ተኙ፣
ልጆች ዓሣ ሊለቅሙ ወረዱ እየጮኹ።
እሷ ግን አየችው፣ አልወደደችውም፦
በግ ወደ ኋላ የሚሄደው ሊዋጋ ሲያኮበኩብ ነው።
ድስት አንስታ በጭልፋ እየደበደበች
የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ወደ ኮረብታው ነዳች፣
ሆዷ ውስጥ ኖልፋን ይዛ።
ኤሌውቴሪዮ ግን መረቡን ሊያወጣ ሄዶ ነበር።

(እዚህ ላይ ቤት አልመታ አለኝ።
ቤት የመታው ማዕበሉ ነው።)

ውሃው ሄደ፤ መሬቱ ግን እንደ ሰመጠ ቀረ።
ቤቷ ብቻ፣ ግጥም ካለው ሳንቃዋ ጋር፣
እስከ ጉልበቷ ጨው ውስጥ ቆማ።
በኅዳር ደቦ ተጠራ። አርባ ሰው፣ ስምንት ጥማድ በሬ፤
ከሥሯ ግንድ አጋድመው፣ ወገቧን በገመድ አስረው
እስከ ውሃው ጎተቷት፤ ከዚያ ጀልባዎቹ ተቀበሏት።
"ውጪ!" አሏት። አልወጣችም።
"ቤቴ መንገድ ስትወጣ ምድጃዋ አይጠፋም" አለች፤
ሕፃኗ ጀርባዋ ላይ፣ ማንቆርቆሪያው እሳት ላይ።
ጭስ ከጣሪያዋ እየወጣ
ሰርጡን ተሻገረች ቤቷ፣ ቀስ ብላ፣ እንዳረጀ መርከብ።
ከወዲያ ማዶ ወንድሟ "የት ነሽ?" ብሎ ሲጣራ
"እቤቴ!" አለችው
ከባሕሩ መሃል።

ኖልፋ ለሥራ ፑንታ አሬናስ ሄዳ ስትቀር
እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ይህን መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።
በሬዎቹ አንዴ ስምንት፣ አንዴ አሥራ ሁለት ጥማድ ይሆናሉ።
አላረምኳትም።

ኋላ ስሞች ጠፉባት። እኔ ኖልፋ ሆንኩ፣ ኖልፋ እናቷ ሆነች፤
ውሻው የሟች ባሏን ስም ወረሰ፣ ስትጠራውም ይመጣ ነበር።
ማታ ማታ ባሕሩ ሲሞላ
አልጋዋን በሁለት እጇ ጨብጣ፦
"ደረስን ወይ?"
"ቆመናል እኮ፣ እማማ፤ ስልሳ ዓመት ሆነን" እንላት ነበር መጀመሪያ።
እንደ ሰነፍ ቀዛፊ ታየናለች።
በኋላ ለመድነው፦ "ትንሽ ቀረን፤ ማዶው ይታያል።"
ያኔ ትተኛለች።

የመጨረሻዋ ሌሊት አልጠየቀችም።
እኔ ጠየቅኋት።

ሽርጧን ላጥብ ስል ኪሱ ውስጥ ድንች አገኘሁ፣
የተጨማደደ፣ ሦስት ዓይን ያወጣ፣
ቀለሙ ግራጫም ሐምራዊም ያልሆነ።
ለኖልፋ አሳየሁ፤ በጀልባ ለለቅሶ ለመጡትም አሳየሁ።
ማን ሰጣት? ከማን ጓሮ ሰረቀችው?
የሚያውቅ ጠፋ።
ከደጃፉ ተከልኩት፣ ዝናቡ እየወረደ።
ስም የለውም ለጊዜው።
ይብቀልና እናያለን።